የነቁትን ስንቀሰቅስ

የአገራችንን ስም አልጽፍም። የሚያውቃት ያውቃታል፤ የማያውቃትም ስሟን ስለነገርኩት አይደርስባትም። ማወቅ የሚያስፈልገው ሰባት ፎቅ ያለው መዝገብ ቤት እንዳላት፣ በመዝገብ ቤቱ ውስጥ ስድስት መቶ ሃያ ኮምፒውተሮች እንዳሉ፣ እኔ አንዳርጌ የምባለው ሰው ደግሞ ለሃያ ስድስት ዓመት የቀስቃሾች አለቃ እንደነበርኩ ነው። ይህን ስናገር ደረቴ ነፋ ቢል አይፈረድብኝም።

ቀስቃሽ ምን እንደሆነ ላስረዳ። በየኮምፒውተሩ ውስጥ ዘበኛ የምንለው ፕሮግራም አለ። ዘበኛው አይታይም። ጸሐፊው ከፊት ሆኖ ሲጽፍ እሱ ከጀርባ ሆኖ የተጻፈውን ሁሉ ይገለብጥና በገመድ ወደ ምድር ቤቱ ግምጃ ይልካል። ዘበኛው ከመሠራቱ በፊት አንድ ክረምት ጣሪያው አፈሰሰና የሰባተኛው ፎቅ ኮምፒውተሮች ረጠቡ፤ ሦስት ሺህ ሰዎችም እንዳልተወለዱ ተቆጠሩ። ሰዎቹ በሕይወት ነበሩ፤ ይበሉ ይጠጡ ነበር፤ ግን መዝገብ ላይ ስለሌሉ እንደገና ለመወለድ ማመልከቻ ማስገባት ግድ ሆነባቸው። የሚስቴ እናት ከእነሱ አንዷ ነበሩ። በስልሳ አንድ ዓመታቸው ተወለዱ፣ የሕፃን ክትባታቸውን ተከተቡ፤ በመዝገብ ደረጃ እስከ ዛሬ እኔ እበልጣቸዋለሁ።

ዘበኛው ኮምፒውተሩ በተዘጋ ቁጥር ይተኛል። ጠዋት የሚቀሰቅሰው ይፈልጋል። ለዚህ ነው የቀስቃሽ ሙያ የተቋቋመው። ሠላሳ አንድ ነበርን። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ቢጫ ጋዋናችንን ለብሰን ከምድር ቤት እንነሣለን። ቀስቃሽ ሲደርስ ጸሐፊው ከወንበሩ ይነሣለታል። ቀስቃሹ ተቀምጦ ትእዛዙን በሁለት ጣቱ ይጽፋል፤ በኮምፒውተሩ ጎን በተንጠለጠለችው ካርድ ላይ ይፈርማል፤ ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ "ነቅቷል" ይላል። ጸሐፊው "ይንቃ" ብሎ ይመልሳል። ጸሐፊው ካልመለሰ ሥራው ከመጀመሪያው ይደገማል። የታችኛው ፎቅ በሙሉ ነቅቶ እኔ ሳልፈርም የላይኛው አይነካም፤ ሳይቀሰቀስ ደግሞ አንዲት ፊደል መጻፍ ክልክል ነው።

በዚህ ሥርዓት ምድር ቤት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይነቃል፤ ሰባተኛ ፎቅ ስምንት ሰዓት ላይ። ሰባተኛ ፎቅ የጋብቻ ክፍል ነው። በአገራችን ጋብቻ ከሰዓት በኋላ ብቻ የሚፈጸመው በዚህ ምክንያት ነው፤ የውጭ አገር ሰዎች ግን ጥንታዊ ባህላችን መስሏቸው ወፍራም መጽሐፍ ጽፈውበታል። መጽሐፉን አንብቤዋለሁ፤ ጥሩ መጽሐፍ ነው።

በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ሳይቀሰቀስ የዋለ አንድ ኮምፒውተር አልነበረም። በማታ መዝገቤ ላይ "ጎደለ" የሚል ቃል አንድም ቀን አልጻፍኩም። ሰው በመንገድ ሲያየኝ "አለቃ" ብሎ ይቆምልኝ የነበረው ለዚህች ነገር ነው። ከዚህች ሌላ የምኮራበት ነገር አልነበረኝም።

በመዝገብ ቤቱ ከታላቁ መዝጋቢ ቀጥሎ የሚፈራው የሚታይ ሥራ ተቆጣጣሪው ነበር። የእሱ ሥራ በየቢሮው እየዞረ ሥራ ሲሠራ ማየት ነው። ያላየውን ሥራ አልተሠራም ብሎ ይጽፋል። እኛን ግን ይወደን ነበር፤ ቢጫ ለብሰን፣ እያለከለክን፣ ላብ በላብ ሆነን ደረጃ ስንወጣ ሲያየን ፊቱ ይፈካል። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያሳየው እኛን ነው።

አንድ ማክሰኞ ሞላልኝ ወደቀ። ሞላልኝ የሰባተኛ ፎቅ ቀስቃሽ ነው፤ ግዙፍ፣ ድምፀ መልካም፣ "ነቅቷል" ሲል መስኮት የሚያንቀጠቅጥ ሰው ነበር። ከአምስተኛ ፎቅ በላይ ባለው ደረጃ ተንሸራቶ ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። ሌሎቹ ቀስቃሾች በየድርሻቸው ተበትነዋል፣ እኔም የራሴ ድርሻ ገና ነበረብኝ፤ የሞላልኝ ሃያ ኮምፒውተሮች ግን እንደተኙ ቀሩ። አንድ ኮምፒውተር ከተኛ ፎቁ በሙሉ ይዘጋል። "ጎደለ" ብዬ ልጽፍ ነው ማለት ነው። እግሬ እንዳመራኝ ስወርድ ከደረጃው ሥር ካለችው ክፍል ደረስኩ።

ክፍሏ የትርንጎ ነች። ትርንጎ የመዝገብ ቤቱ ኮምፒውተር ጠጋኝ ናት፤ አርባዎቹን የተሻገረች፣ መነጽሯን በክር አንጠልጥላ የምትሄድ፣ ስታናግርህ እጇ ሌላ ሥራ የማይለቅ ሴት። ያን ቀን የአንድ ኪቦርድ ፊደላት ነቅላ በጥርስ ብሩሽ ታጥባለች።

"እህት ትርንጎ፣ ሃያ ኮምፒውተር ጎድሎብኛል" አልኳት። "አንቺ መቼም ኮምፒውተር መንካት ታውቂበታለሽ። ሰባተኛ ፎቅ ውጪልኝ።"

"ጉልበቴ ደረጃ አይችልም፤ ጋሽ አንዳርጌ" አለች፤ ቀና ሳትል። "ደግሞስ ለምን ይወጣል?"

"እንዴት ለምን ይወጣል? ኮምፒውተሮቹ እኮ ያሉት እዚያ ነው።"

"ሁሉም በገመድ የተያያዙ አይደሉም እንዴ? ዘበኛው ግልባጩን ወደ ታች የሚልከው በምን ይመስልዎታል?"

ገመዱንስ አውቀዋለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ቀስቃሾቼን እንዳይጠልፋቸው ሳስጠነቅቅ የኖርኩት እሱን ነው። ትርንጎ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ወደ ራሷ ኮምፒውተር ዞረች። የሃያውን ኮምፒውተር ስም ጠየቀችኝ፤ በቃሌ ነገርኳት። አንድ በአንድ ጻፈች። ከዚያ አንዲት ቁልፍ ነካች።

"ነቅተዋል" አለች።

አላመንኳትም። ደረጃውን እየሮጥኩ ወጣሁ። በሰባተኛ ፎቅ ጸሐፊዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው ቀስቃሽ ይጠብቃሉ፤ ከፊታቸው ደግሞ ሃያዎቹ ዘበኞች ነቅተው ሥራ ላይ ናቸው። ማንም ከወንበሩ ሳይነሣ፣ ማንም ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ። ካርዶቹ ላይ እኔው ፈረምኩ፤ እየዞርኩ ሃያ ጊዜ "ነቅቷል" አልኩ። የመጨረሻው ላይ ድምፄ ትንሽ ሰለለ።

በማግስቱ ወደ ትርንጎ ተመልሼ ሄድኩ። ፈርቼ ነበር፤ ግን ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ስለ ገመዱ ሳስብ ነው ያደርኩት። ሰው ሊወድቅ ይችላል፣ ሊታመም ይችላል። ያለ ጉድለት ለመኖር ካማረኝ ይህች ሴት የያዘችው ነገር ያስፈልገኛል።

"ሁሉንም ማድረግ ትችያለሽ?" አልኳት።

"ይቻላል። ግን በየጠዋቱ እኔ ቁልፍ ልነካ አልፈልግም፤ ያ ከሆነ እኔም ቀስቃሽ ሆንኩ ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ሲከፈት ዘበኛው አብሮ ይነሣ። ቢወድቅም ራሱ ይነሣ።"

አሥራ አንድ ቀን ፈጀባት። ኮምፒውተሮቹ እኩል አልነበሩም፤ የአራተኛው ፎቅ አሮጌዎች ትእዛዙን እንቢ አሉ፣ የሁለተኛው ፎቅ ደግሞ ይቀበሉና ይረሳሉ። ለእያንዳንዱ ዓይነት ለብቻው ጻፈችለት። አንድ ትእዛዝ መጀመሪያ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ትሞክራለች፤ ቀጥሎ በአምስት፣ ቀጥሎ በፎቁ። አንዱ ሲበላሽባት ሁሉንም ትመልስና ከመጀመሪያው ትጀምራለች። አጠገቧ ተቀምጬ የኮምፒውተሮቹን ስም አነብላት ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጥንቁቅ ሰው አይቼ አላውቅም፤ አሁንም ሳስበው እኮራባታለሁ።

በአሥረኛው ቀን የእሷ ዝርዝር ከእኔ ዝርዝር በአንድ በለጠ። ስድስት መቶ ሃያ አንድ። ገመዱን ተከትለን ሄድን፤ በአራተኛው ፎቅ ከትልቁ ቁም ሣጥን ጀርባ፣ አቧራ የለበሰ፣ ማንም የማይጽፍበት ኮምፒውተር ተገኘ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በርቶ ኖሯል። ካርድም የለውም፣ ቀስቅሶትም የሚያውቅ የለም። ያለ ጉድለት ያልኩት ሃያ ስድስት ዓመት ዘጠኙ ጎዶሎ ነበር ማለት ነው። ትርንጎ ዝርዝሯ ውስጥ አስገባችው። እኔም ለሚስቴ እንኳ አልነገርኳት።

ሥራው ባለቀ ቀን ትርንጎ መነጽሯን አውልቃ "በቃ፤ ከነገ ጀምሮ ማንም አይንካቸው" አለችኝ። "የነቃውን ሲቀሰቅሱት አጠገቡ ሌላ ዘበኛ ይነሣል። ሁለት ይሆናሉ። ለሰዎችዎ ይንገሩልኝ።"

"እነግራለሁ" አልኩ።

አልነገርኩም። እውነቱን ለመናገር አፌ እንቢ አለኝ። ሠላሳ ሰው በዚያ ቢጫ ጋዋን ነው ሰፈሩ ውስጥ የሚከበረው። በማግስቱ ጠዋት ተሰልፈው፣ ጋዋናቸውን ተኩሰው፣ "አለቃ እንነሣ?" ሲሉኝ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ ብዬ "ተነሡ" አልኳቸው። በማግስቱም እንዲሁ። እንዲህ ሲባል አርባ ቀን ሞላ።

በአርባው ቀን ውስጥ የሆነውን አገሩ ሁሉ ያስታውሰዋል። በየኮምፒውተሩ ሁለት ሁለት ዘበኛ ሆነ። የተጻፈው ሁሉ ሁለት ጊዜ ተገለበጠ፤ ግምጃው ውስጥ እያንዳንዱ ሰው ሁለት ሆኖ ገባ። መታወቂያ ሊያወጣ የመጣ ሰው "ሁለተኛው የታለ? አብራችሁ ኑ" ተብሎ ይመለሳል። አንድ ልብስ ሰፊ ጎረቤቱን ሁለተኛዬ ነው ብሎ አቀረበና ጉዳዩ አለቀለት፤ ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ የሚመስለውን ፍለጋ ወጣ። ሙሽሮች ተቸገሩ፤ ሁለተኛው ሙሽራ ካልተስማማ ጋብቻው አይጸድቅም። መዝገብ ቤቱም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ የሁለተኛ ሰዎች ክፍል ከፈተ። ታላቁ መዝጋቢ በአደባባይ ወጥተው የአገሪቱ ሕዝብ በአርባ ቀን ውስጥ በእጥፍ ማደጉን በኩራት አበሠሩ። ሰንደቅ ተሰቀለ፤ እኔም ሁለት እጄን አንሥቼ አጨበጨብኩ።

ኮምፒውተሮቹ ግን ዛሉ። አንድ ፊደል ተጽፎ ስክሪኑ ላይ እስኪታይ አንድ ብርጭቆ ውሃ ተጠጥቶ ያልቃል። ቢሆንም ማንም ቅር አላለውም፤ የሕዝቡ ብዛት ነው ተባለ። ጉዱ የፈላው ታላቁ መዝጋቢ የራሳቸውን ማኅደር ባስወጡ ዕለት ነው። እሳቸውም ሁለት ነበሩ። ደመወዝ ከፋዩ ክፍል ሁለተኛው ታላቁ መዝጋቢ መቼ ሥራ እንደሚጀምሩ ጠየቀ፤ እሳቸውም በዚያው ሰዓት ጥፋተኛው ይፈለግ ብለው አዘዙ።

ፍለጋው የተሰጠው ለሚታይ ሥራ ተቆጣጣሪው ነው። ሰባቱንም ፎቅ ዞረ። ቀስቃሾቹን አያቸው፤ ላብ በላብ ናቸው። ጸሐፊዎቹን አያቸው፤ ፊደላቸው እስኪመጣ በትጋት ይጠብቃሉ። ከደረጃው ሥር ሲገባ ትርንጎ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ስክሪኑን ታያለች። እኔ ከኋላው ቆሜ ነበር።

"ምን እየሠራሽ ነው?" አላት።

"ዘበኞቹን እያየሁ ነው። ሁለት ሁለት ሆነዋል።"

"እጅሽ ግን አይንቀሳቀስም።"

"የሚሠራው እሱ ነው፤ እኔ አይደለሁም" አለችና በአገጯ ስክሪኑን አሳየችው።

ተቆጣጣሪው "እጇን አጣጥፋ ተገኘች" ብሎ ጻፈ። ያን ጊዜ ትርንጎ አየችኝ፤ እኔም አንገቴን ደፋሁ። ውሳኔው ዓርብ ስሟ እንዲወርድ ነበር። በመዝገብ ቤታችን ስም ማውረድ እንዲህ ነው፤ ሠራተኛው ሁሉ በግቢው ተሰብስቦ የጥፋተኛው የስም ሰሌዳ ከበሩ ተነቅሎ ሲመጣ፣ ስሙ ይነበብና ሁሉም ጀርባውን ያዞርበታል። ከዚያ ወዲያ ያ ሰው በየትኛውም ቢሮ አይቀጠርም።

ሐሙስ ክፍሏ ሄድኩ። ዕቃዋን በካርቶን ትከታለች።

"ለምን የእኔን ስም አልጠራሽም?" አልኳት።

"ማን ያምነኛል፤ ጋሽ አንዳርጌ? ነገሩን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት" አለች። አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ ግቢው ሞላ። የትርንጎ ሰሌዳ ተነቅሎ መጣ። ታላቁ መዝጋቢ ስሟን ሊያነብቡ ወረቀቱን ሲያነሡ ከሰልፉ ወጣሁ።

"ጌታዬ፣ እሷ አላጠፋችም" አልኩ። "እነዚያ ኮምፒውተሮች አርባ ቀን ሙሉ ከእኛ በፊት ነቅተው ነው የሚጠብቁን። እኛ የነቁትን ስንቀሰቅስ ነው ሁለት ያደረግናቸው። እንዳይነኩ ነግራኝ ነበር፤ ለሰዎቼ ያልነገርኩት እኔ ነኝ።"

ከቀስቃሾቹ ሰልፍ ጉምጉምታ ተነሣ። ሞላልኝ በምርኩዙ ተደግፎ "አለቃ፣ ምነው? ምን አደረግንዎት?" አለ።

ተቆጣጣሪው "የማይታይ ነገር በምን ይረጋገጣል?" ሲል ጠየቀኝ።

"ሰኞ አንድ ጠዋት ብቻ ቀስቃሾቹ እጃቸውን ኪሳቸው ይክተቱ" አልኩ። "አንድ ዘበኛ ተኝቶ ከተገኘ የእኔንም የእሷንም ስም አብራችሁ አውርዱ።"

ጋዋናችን ኪስ ስለሌለው፣ ቀስቃሾቹ ሰኞ ጠዋት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በየደረጃው ቆሙ። ሁለት ሰዓት ሆነ። ኮምፒውተሮቹ ተከፈቱ። በሰባት ፎቅ ውስጥ ድምፅ የለም። ጸሐፊዎቹ ግራ ቀኝ አዩ፣ ተያዩ፣ አንዷ ፈራ ተባ እያለች መጻፍ ጀመረች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ ከግምጃው ዝርዝር መጣ፤ ስድስት መቶ ሃያ አንድ ዘበኞች፣ በየኮምፒውተሩ አንድ አንድ። የዚያን ቀን ጠዋት የተመዘገበ ሰው ሁሉ አንድ ሰው ሆኖ ገባ። ከአርባ ቀን በፊት ጀምሮ ሲመላለሱ የነበሩ ሁለት እጮኛሞች ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተጋብተው ወረዱ፤ ቀሪውን ቀን ምን እንደሚያደርጉበት አላወቁም፤ ግቢው ውስጥ ተቀምጠው ዋሉ።

እኔ ደግሞ ከምድር ቤት ቆሜ ወደ ላይ እያየሁ አለቀስኩ። ከኩራት ነው ያለቀስኩት። ሙያዬ በዐይኔ ሥር ሲሞት እያየሁ፣ እንዲህ ያማረ ጠዋት በዚያ ቤት ታይቶ እንደማያውቅ ልቤ ያውቅ ነበር። ትርንጎ ከደረጃው ሥር ብቅ ብላ አየችኝና መነጽሯን መጥረግ ጀመረች።

ትርንጎ ነፃ ወጣች። የአርባው ቀን ጥፋት ግን ባለቤት ያስፈልገው ነበር፤ እጄን አነሣሁ። በሚቀጥለው ዓርብ ሰሌዳዬ ተነቅሎ መጣ፣ ስሜ ተነበበ፣ ሁሉም ዞሩ። ከሁሉ ቀድመው የዞሩት ሠላሳዎቹ ናቸው፤ ከእነሱም ከሁሉ የፈጠነው ሞላልኝ፣ በዚያ በተሰበረ እግሩ። ትርንጎ ብቻ ሳትዞር ቀረች፤ ተቆጣጣሪው ይህንንም ጻፈው።

ቀስቃሾቹ አልተበተኑም። ተቆጣጣሪው ባዶ ደረጃ ማየት አልቻለም፤ ስለዚህ ጋዋናቸውን ለብሰው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው እንዲወጡና እንዲወርዱ ታዘዙ። እግሩ ያልዳነው ሞላልኝ ግን ከደረጃው ሥር፣ ትርንጎ ዘንድ ተመደበ። ይህን የሰማሁት ከሰው ነው፤ እኔ ዘንድ ማንም አይመጣም ነበር። ከቤቴ ስወጣ የሚያውቁኝ ሰዎች መንገድ ይቀይራሉ። ሁለት ወር እንዲህ ኖርኩ።

አንድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ሞላልኝ ነው፤ ምርኩዙን ይዞ፣ በሌላ እጁ ማኅተም ያለበት ፖስታ። አልተሳሳምንም። ፖስታውን ሰጠኝ፤ ቆሜ አነበብኩት።

"ለአቶ አንዳርጌ። ስምዎ በአደባባይ ከወረደ በኋላ በየዕለቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ በሰባቱም ፎቆች፣ በስድስት መቶ ሃያ አንድ ኮምፒውተሮች ላይ፣ በአንድ ጊዜ ተገኝተው ሥራ እንደሚሠሩ ከመዝገባችን ተረጋግጧል። ይህን በማን ፈቃድ እንደሚያደርጉ በሦስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲያስረዱ።"

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። "ይህ ምንድን ነው፤ ሞላልኝ?"

"ዘበኛው ያለ ሰው ስም አይነሣም፤ አለቃ" አለኝ። ስሜ ወርዶ እያለ አለቃ ሲለኝ ደነገጥኩ። "በአንድ ሰው ስም ነው ከጀርባ የሚሠራው። ሁሉም ኮምፒውተር ውስጥ ለመግባት ፈቃድ የነበረው ስም ደግሞ የእርስዎ ብቻ ነው። ትርንጎ በሱ ነው የሠራችው። ስሙን አውጪው አሏት፤ ካወጣሁት ሁሉም ይተኛሉ፣ ከዚያ ደረጃውን እናንተው ውጡት አለቻቸው። ለዚህ ነው ለእርስዎ የጻፉት።"

ወንበር አቀረብኩለት፤ እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠ።

"ጠዋት ጠዋት የተነሡትን ዝርዝር የማነበው እኔ ነኝ" አለ፤ ምርኩዙን እያየ። "ስድስት መቶ ሃያ አንድ መስመር ነው። በየመስመሩ መጀመሪያ አንዳርጌ ይላል። መጀመሪያ ላይ ማንበቡ ከብዶኝ ነበር። አሁን አንዱ ቢቀር ቅር ይለኛል።"

ሚስቴን ወረቀትና እስክሪብቶ ለመንኳት። ሦስት ቀን አላስፈለገኝም፤ ሞላልኝ ሻዩን ሳይጨርስ ጽፌ ፈርሜ ሰጠሁት፦

"የተባለው ትክክል ነው። ነገም ሁለት ሰዓት ላይ እገኛለሁ።"